ከድሬዳዋ ወደ ፕሌይ ስቶር፦ የመጀመሪያ አፕ እንዴት ይወጣል?

ድሬዳዋን የወለዳት ጭነት ነው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላቃተው ከተራራው ሥር በሜዳው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ ዕቃ በየት እንደሚገባ፣ ማኅተሙ የት እንደሚመታ፣ የቱ ጋ እንደሚያዝ የድሬ ሰው አሳምሮ ያውቃል። አሁን ደግሞ ከከዚራ ሰፈር ካፌዎችና ከዩኒቨርሲቲው ዶርም የሚነሳ ሌላ ጭነት አለ። አይመዘንም፣ በከባድ መኪና አይጫንም። ግን ፍተሻም፣ ቅጽም፣ ክፍያም አለው። የሞባይል አፕ ማለቴ ነው።

አፕ መሥራትና አፕ ማውጣት ለየቅል ናቸው። ጀማሪው ኮዱ ሲያልቅ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ድሬ ላይ ላለ ልጅ ኮዱ ቀላሉ ክፍል ነው። ኮድ ሲያስቸግር የሚያግዝ ቪዲዮ ሞልቷል። የባንክ ካርድ ሲጠፋና አሥራ ሁለት ታማኝ ሰው ሲያስፈልግ ግን ቪዲዮ አይበቃም።

ለምን መደብር?

እዚህ አገር አፕ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ነበር። ስልክ የገዛ ሰው ሞባይል ቤት ገብቶ አፕ ያስጭናል። ጓደኛ ለጓደኛ በዜንደር ወይም በሼርኢት ይሰጣል። ዛሬም ብዙው አፕ በቴሌግራም ይዞራል፤ አፑን የያዘው ፋይል ኤፒኬ ይባላል። ፈጣን ነው፣ ፈቃድም አይጠይቅም። ችግሩ በኋላ ይመጣል። ስልኩ «ምንጩ ያልታወቀ» ብሎ ያስፈራራል። ስህተት ቢታረም እርማቱ የጫነው ሰው ጋ አይደርስም። ሌላ ሰው ፋይሉን ነካክቶ መልሶ ቢያሰራጨው ማን እንደሠራው አይታወቅም። መደብር፣ ማለትም አፕ ወጥቶ የሚወርድበት ቦታ፣ የሚሰጠው ይህንን ነው፦ ስም፣ እርማትና ኃላፊነት።

ዋናዎቹ መደብሮች ሁለት ናቸው። የአፕል አፕ ስቶር በሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. በ500 አፖች ተከፈተ። የጎግሉ በዚያው ዓመት በጥቅምት አንድሮይድ ማርኬት በሚል ስም ጀመረ፤ ጎግል ፕሌይ የተባለው በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ነው። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። አፑን አዘጋጅቶ ለመላክም በመደበኛው መንገድ ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ጎግል አንዴ 25 ዶላር ተቀብሎ ይተዋል። በሰው እጅ ያለውም ስልክ አብዛኛው አንድሮይድ ነው። ስለዚህ የድሬ ጀማሪ ጉዞውን ከፕሌይ ስቶር ቢጀምር አይገርምም። ከዚህ በታች ያለውም በዋናነት ስለ እሱ ነው።

ልምዱ ከየት ይመጣል?

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የኮምፒውተርና የሶፍትዌር ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ አፓቸው ይሆናል። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የአንድሮይድ ሥራ ነው። አንዱ ኮትሊን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይጽፋል፣ ሌላው አንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም እንዲሆንለት ፍላተር የሚባለውን መሣሪያ ይመርጣል። ሁለቱም ያስኬዳሉ።

ከባዱ አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለውን የአፕ መሥሪያ ፕሮግራምና ተከታዮቹን ማውረድ ነው። በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይበላሉ። ስለዚህ የሌሊት ጥቅል ተገዝቶ፣ ላፕቶፑ ተከፍቶ ይታደራል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ከድሬዳዋ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የድሬ ልጅ ይህን ሳይጠየቅ ያወራል። የቀኑን ነገር ተዉት፤ ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ ላፕቶፑም እንደ ምጣድ ይግላል። ሥራው የሚሠራው ማታ ነው።

25 ዶላሩ

በብር ቢሰላ የማይከፈል አይደለም። ግን ዶላር ነው። ጎግል ለምዝገባ ቪዛና ማስተርካርድ ይቀበላል፤ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላባቸውን ካርዶች ግን አይቀበልም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ደግሞ እንደ ኤቲኤም ካርድ በየኪሱ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ ወደ ቤተሰብ ይሄዳል። ጅቡቲ ያለ አጎት፣ ዱባይ ያለች እህት፣ አሜሪካ ያለ የሰፈር ልጅ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። የሰው እርዳታ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ አካውንቱን በሰው ስም መክፈት ሌላ ነው። ጎግል የአልሚውን፣ ማለትም የአፑን ሠሪ፣ ሕጋዊ ስምና አድራሻ በሰነድ ያረጋግጣል። ስሙንና አገሩን ለተጠቃሚው በግልጽ ያሳያል። በእህቱ ስም የከፈተ ሰው አፑም የእህቱ ሆነ ማለት ነው። ስሙ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። «መሐመድ» በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ድሬ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም።

በቴሌግራም የተዘጋጀ አካውንት የሚሸጡ ሰዎችም አሉ። እኔ አልመክርም። አንድ አካውንት በጥፋት ሲዘጋ ጎግል ከእሱ ጋር የተያያዙትንም ይዘጋል። የተገዛው አካውንት ከማን ጋር ተያይዞ እንደነበር ገዢው በምን ያውቃል?

አሥራ ሁለቱ ሰዎች

ከኅዳር 13 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የተከፈተ የግል አካውንት አፑን በቀጥታ ለሕዝብ አይለቅም። መጀመሪያ ዝግ ሙከራ አለ። ቢያንስ 12 ሰዎች በተላከላቸው ሊንክ ገብተው ፈቃደኛ መሆናቸውን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ለ14 ተከታታይ ቀናት ሳይወጡ መቆየት አለባቸው። ሲጀመር ቁጥሩ 20 ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ 12 ወረደ። የድርጅት አካውንት ይህ ግዴታ የለበትም፤ ግን ዳንስ (D-U-N-S) የሚባለውን ዓለም አቀፍ የድርጅት መለያ ቁጥር ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ሌላ አገር ያለ ጀማሪ በዚህ ሲያለቅስ አያለሁ። ድሬ ላይ ሰው ማግኘቱ ችግር አይደለም። አንድ በርጫ ላይ «አቦ፣ ይቺን ነገር ጫንልኝ!» ካሉ አሥራ ሁለቱ በአንድ ከሰዓት ይሞላሉ። ችግሩ ማቆየቱ ነው። አንዱ ስልኩ ሞላብኝ ብሎ አፑን ያጠፋል። ሌላው ከእነ አካቴው ከሙከራው ይወጣል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የጂሜይል ነገር ነው፤ ሞካሪው የሚገባው በእሱ ነውና። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ጂሜይል የከፈተለት የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። አድራሻውን አያውቀውም፣ የይለፍ ቃሉንማ ጭራሽ። ስለዚህ ብልህ ጀማሪ አሥራ ሁለት ላይ አያቆምም፤ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ሰው ይይዛል። የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቶም በየሁለት ቀኑ ይጎተጉታቸዋል።

አሥራ አራቱ ቀን ሲያልቅ ሰፊውን ሕዝብ ለመድረስ ማመልከቻ ይሞላል። ሞካሪዎቹ ምን አሉ? ምን አረምክ? የሚል ጥያቄ አለበት። ሞካሪዎቹ ጭነው ብቻ ከረሱት እዚህ ላይ የሚጻፍ ነገር ይጠፋል። ድሬ ደግሞ አስተያየት የሚቆጥብ ሰው አይበዛም። «ይሄ ነገር አይነበብም አቦ፣ ፀሐይ ላይ ጭልም ይላል» የሚል አንድ የባጃጅ ሹፌር ከአሥር ዝምተኛ ጓደኛ ይበልጣል።

ፋይሉ ውስጥ ያለው

ሁለት ነገሮች አንዴ ከተሳሳቱ ዋጋ ያስከፍላሉ። አንደኛው የፓኬጅ ስም፣ ማለትም አፑ ከሌላው የሚለይበት ስም ነው። አፑ አንዴ ከወጣ በኋላ ይህ መለያ አይቀየርም። የኔ የመጀመሪያ ፋይል ተመላሽ የሆነው ፕሮግራሙ በራሱ የሰጠኝን «ኮም ዶት ኤግዛምፕል» የሚል ስም ሳልቀይር ስለላክሁት ነው። ለልምምድ የተተወ ስም ስለሆነ ፕሌይ አይቀበለውም። ሁለተኛው የፊርማ ቁልፉ ነው፤ አፑ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፋይል። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አፕ የሚላከው በኤፒኬ ሳይሆን አፕ በንድል በሚባል ፋይል ነው፤ ዋናውን ቁልፍ ጎግል ይይዛል። አልሚው የሚልክበት ቁልፍ ቢጠፋበት ጠይቆ ያስቀይራል። ቢሆንም ላፕቶፕ በሚሰረቅበትና ሃርድ ዲስክ በሙቀት በሚቃጠልበት ከተማ ቅጂ ማስቀመጥ አይከፋም።

መግቢያው ላይ የሚወድቁም ብዙ ናቸው። የእኛ አገር አፖች በስልክ ቁጥር መግባትን ይወዳሉ። በ251 ለሚጀምር ቁጥር ኮድ በኤስኤምኤስ ይላካል። የጎግል ገምጋሚ ግን የኢትዮጵያ ሲም የለውም። ኮዱ ስለማይደርሰው አፑን ሳያየው ይመልሰዋል። መፍትሔው ለገምጋሚው ያለ ኤስኤምኤስ የሚያስገባ መለያ አዘጋጅቶ በቅጹ ላይ መስጠት ነው።

የግላዊነት ፖሊሲም ግዴታ ነው፤ ማንም ሊከፍተው የሚችል ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት። አፑ ምን መረጃ እንደሚሰበስብ የሚጠይቅ ቅጽም አለ። «ምንም አልሰበስብም» ብሎ ሞልቶ የማስታወቂያ ኮድ ማስገባት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ማስታወቂያው ራሱ ይሰበስባልና። በአገር ቤትም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። የመንግሥት መረጃ፣ ለምሳሌ የትራንስፖርት ታሪፍ፣ የሚያሳይ አፕ ምንጩን መጥቀስና የመንግሥት አለመሆኑን መግለጽ ይጠበቅበታል። የሌላ ሰው መዝሙር፣ ነሺዳ ወይም መጽሐፍ ሰብስቦ ማውጣትንም ጀማሪዎች እንደ ቀላል ያዩታል። አይደለም።

ፊደልና ሰዓት

መደብሩ ላይ ለርዕስ 30፣ ለአጭር መግለጫ 80፣ ለረጅሙ 4,000 ፊደል ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ፊደላችን ይጠቅመናል። አንዱ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ በ30 ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ይባላል። የአማርኛ መግለጫ ፕሌይ ይቀበላል። አርማው 512 በ512፣ ከላይ የሚታየው ሥዕል 1024 በ500 ፒክሰል ነው። ቢያንስ ሁለት የስክሪን ፎቶም ይጨመራል።

አፑ ውስጥ ግን አማርኛ ብቻ ማድረግ ለድሬ አይሆንም። ኦሮምኛና ሶማልኛ ያልያዘ አፕ መጋላ ሰፈር ሲገባ ግማሽ ደንበኛውን ያጣል። ቋንቋ ሲጨመር ደግሞ መልኩ ይፈተናል። በአማርኛ «ፈልግ» ሦስት ፊደል ነው። በቁቤ «barbaadi» (ባርባዲ) ሲሆን ስምንት ሆኖ ከቁልፉ ጠርዝ ያልፋል።

ፍለጋም እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ማሳየቱ ችግር የለውም። ግን ለኮምፒውተር «ሐረር» እና «ሀረር» ሁለት ቃል ናቸው። «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ» ም እንዲሁ። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በፍለጋ ጊዜ አንድ እንዲሆኑ ካልተደረገ ተጠቃሚው ያለውን ነገር የለም ይባላል። የቀጠሮ ወይም የቲኬት አፕ የሚሠራ ደግሞ ሰዓቱን ያስብ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ደንበኛ ስክሪኑ ላይ 9 ካየ መኪናው ያመልጠዋል። ለዘመን አቆጣጠሩ ከአንድሮይድ 7 ወዲህ የኢትዮጵያ ካላንደር ስልኩ ውስጥ አለ። አሥራ ሦስት ወር በእጅ መቁጠር አያስፈልግም።

ገንዘቡ

አፑ ውስጥ የሚሸጠው ዲጂታል ነገር ከሆነ፣ እንደ ተጨማሪ ትምህርት ወይም የጨዋታ ደረጃ፣ ደንቡ በፕሌይ በራሱ መክፈያ በኩል እንዲሆን ይጠይቃል። ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎግል በዓመት ከሚገኘው ከመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ላይ 15 በመቶ ይወስዳል። የሚሸጠው የሚዳሰስ ነገር ወይም አገልግሎት ከሆነ ግን ይህ አይመለከተውም። ምግብ ማድረስ፣ ባጃጅ መጥራት፣ የአልጋ ክፍያ በቴሌብር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚህ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ እንዲህ ያለ አገልግሎት ላይ ቢያስብ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በማስታወቂያ ለሚተማመን ጎግል አድራሻውን ለማረጋገጥ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል። ፖስታ ቤት ሣጥን የሌለው ሰው እዚህ ላይ የዘመድ ሣጥን ቁጥር ፍለጋ ይወጣል።

ከወጣ በኋላ

ግምገማው ሰዓታትም፣ ከሳምንት በላይም ሊወስድ ይችላል። ከወጣ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ኮከቦች የሚሰጡት ያው ወዳጆች ናቸው። ከዚያ የማያውቁት ሰው አንድ ኮከብ ሰጥቶ «አይሠራም» ይላል። መልስ መስጠት ይቻላል፤ እስከ 350 ፊደል። ቁጣን ለመጻፍ በቂ ነው፣ ግን ባይጻፍ ይሻላል።

ጎግል በየዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ በነሐሴ መጨረሻ፣ አፖች ወደ ቅርቡ የአንድሮይድ ደረጃ እንዲሻሻሉ ቀን ይቆርጣል። ለረጅም ጊዜ ያልተሻሻለን አፕ፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ፈልጎ አያገኘውም። ነሐሴ ደግሞ የድሬ ተማሪ ተመርቆ ወደየቤቱ የተበተነበት ወር ነው። ብዙ የመመረቂያ አፕ በአሮጌ ስልኮች ላይ ብቻ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።