ሬጉሌተር ምንድን ነው? ያገለገለውስ ለጀማሪ ጠላቂ ይሆናል?

ቤታችሁ የሲሊንደር ጋዝ ካለ ሬጉሌተር አይጠፋችሁም። ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠመው፣ የጋዙን ግፊት ቀንሶ ወደ ምድጃው የሚልከው ዕቃ ነው። ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ሬጉሌተርም ሥራው ያው ነው። እዚያ ግን አየሩ የሚሄደው ወደ ሰው ሳንባ ነው።

የጠላቂ ሲሊንደር ሲሞላ ውስጡ 200 ባር ገደማ ግፊት ይኖራል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ሁለት ባር ተኩል አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱን አስቡት። ይህን አየር በቀጥታ መተንፈስ አይቻልም። ስለዚህ በሁለት ደረጃ ይቀነሳል። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው የብረት ክፍል ፈርስት ስቴጅ ይባላል። እሱ ግፊቱን አውርዶ በዙሪያው ካለው ግፊት 10 ባር ገደማ ብቻ እንዲበልጥ ያደርገዋል። በጥርስ የሚያዘው ደግሞ ሰከንድ ስቴጅ ነው። አየር ስትስቡ ውስጡ ያለችው ስስ የጎማ ሽፋን ወደ ውስጥ ትጎብጣለች። ትንሽ ዘንግ ትጫናለች፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ አየሩ ይመጣል። መሳብ ስታቆሙ ይዘጋል። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ 2 ባር፣ 30 ሜትር ላይ 4 ባር አድርጎ ይሰጣችኋል፤ ልክ በዙሪያችሁ ባለው ግፊት መጠን።

የሚገርመው መነሻው መኪና ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ቤንዚን ሲጠፋ፣ ኢንጂነር ኤሚል ጋኛን መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ ቫልቭ ላይ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ከባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ ጋር ሆነው ያንን ሐሳብ ለጠላቂ አዋሉት።

ኤላት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ የምትኖሩና የጠላቂነት ኮርሱን ገና የጨረሳችሁ ሰዎች ቶሎ የሚገጥማችሁ ነገር አለ። አዲሱ ሬጉሌተር ውድ ነው። አንድ ሰው ደግሞ የ20 ዓመት ዕቃ በርካሽ ልስጣችሁ ይላል። ይገዛል?

እኔ የምለው፣ ዕድሜውን ከመጠየቃችሁ በፊት መለዋወጫውን ጠይቁ። እኛ አገር አሮጌ ቶዮታ ዋጋ የማይወርደው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕቃው የትም ይገኛል፣ የማይፈታው መካኒክ የለም። ሬጉሌተርም እንደዚያው ነው። ገላው ባብዛኛው በክሮም የተለበጠ ናስ ስለሆነ በደንብ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የሚያረጀው ለስላሳው ነገር ነው፦ ኦሪንጉ (ክብ የጎማ ማሸጊያው)፣ ቫልቩ የሚያርፍበት የፕላስቲክ መቀመጫ፣ የጎማ ሽፋኑ፣ ቱቦው። አብዛኞቹ በኪት፣ ማለትም በአንድ ጥቅል ተዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ ሰርቪስ ሲደረግ ይቀየራሉ። እንደ ስኩባፕሮ ማርክ 5 ያሉ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ሬጉሌተሮችን አሳድሰው ዛሬም የሚጠልቁባቸው ሰዎች አሉ። በሌላ በኩል ኪቱ ከገበያ የጠፋ የ10 ዓመት ዕቃ ለእናንተ ምንም አይጠቅማችሁም።

ጀማሪ ጭራሽ እንዳይነካቸው የምላቸውም አሉ። ከጭንቅላት ኋላ ሁለት ወፍራም ቱቦ ያላቸው የድሮዎቹ ቆንጆ ናቸው፤ ግን ኮርስ ላይ የተማራችሁት ለነሱ አይደለም። የቱቦ ማሰሪያ ቀዳዳቸው በቁጥር ያነሰባቸውም አሉ። ዛሬ አንድ ፈርስት ስቴጅ ዋናውን ሰከንድ ስቴጅ፣ ለጓደኛ የሚሰጠውን ሁለተኛውን (ኦክቶፐስ)፣ ጠላቂው የሚለብሰውን ጃኬት የሚነፋውን ቱቦና የአየር መጠን የሚያሳየውን ጌጅ መሸከም አለበት። በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ ደግሞ የሲሊንደሩ ሙሉ ግፊት የሚወጣበት፣ ጌጁ የሚታሰርበት የከፍተኛው ግፊት ቀዳዳ ከዝቅተኛው ጋር በስፋት እኩል ሊሆን ይችላል። ተሳስቶ ዝቅተኛውን ቱቦ እዚያ ያሰረ ሰው ሲሊንደሩን ሲከፍት ቱቦው ይፈነዳል። ይህንን የሚያውቅ የቆየ ጠላቂ ይጠነቀቃል። አዲሱ ከየት ያውቃል?

ስትገዙ ራሳችሁ የምታዩት አለ። አንድ ወዳጄ ያመጣልኝ ሬጉሌተር ከላይ ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር። ቱቦው ፈርስት ስቴጁ ጋ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለውን የፕላስቲክ መከላከያ ወደ ኋላ ሳብነው። ሥሩ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ አየር የሚገባበትን አፍ አየን። እዚያ እንደ ወንፊት የሆነች ትንሽ የብረት ማጣሪያ አለች። አረንጓዴ ሆናለች። የጨው ውኃ ውስጥ ገብቶ ብረቱን በልቶታል ማለት ነው። እንደ ዝገት ቢቀላ ኖሮ ከብረት ሲሊንደር የመጣ ዝገት ነው እንል ነበር። አንድ ሙከራ ቀረን። ፈርስት ስቴጁን በክዳኑ ከድነን፣ ያለ ሲሊንደር፣ ሰከንድ ስቴጁን አፍ ላይ አድርገን ሳብን። ጤነኛ ከሆነ ምንም አይመጣም። የሱ ግን አየር አስገባ። አየር የገባበት ባሕር ውስጥ ውኃ ይገባበታል። ወዳጄም ሳይገዛው ቀረ።

የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው። በሁለቱ ደረጃዎች መሃል ያለውን ግፊት በጌጅ ይለካል። መርፌው አንድ ቦታ ቆሞ መቅረት አለበት። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከሄደ መቀመጫው አልቋል፤ ያ ሬጉሌተር አንድ ቀን አፋችሁ ላይ ሳይቋረጥ አየር መልቀቅ ይጀምራል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሲበላሹ ከመዝጋት ይልቅ እንዲከፈቱ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ ይህ ሕይወት ያድናል። ግን ሲሊንደሩ በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ አምስት ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ደግሞ ከባድ ፈተና ነው።

ስለዚህ ሒሳቡን ሙሉውን ሥሩ። የሰርቪሱ፣ የኪቱና የአዲስ ቱቦዎች ወጪ ሲደመር ከ100 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ያ ተጨምሮም ከአዲሱ በደንብ የሚረክስ ከሆነ፣ በሰፈራችሁ ያለው ባለሙያም ያንን ሞዴል የሚነካ ከሆነ ግዙት። ካልሆነ እየተከራያችሁ ጥለቁ፣ ገንዘብ አጠራቅሙ። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ሰርቪስ ተደርጓል» ቢላችሁም ደረሰኝ ከሌለው እንዳልተደረገ ቁጠሩት።

ከሰርቪስ ስትቀበሉም የተቀየሩትን ዕቃዎች ስጡኝ በሉ። አሮጌውን መቀመጫ ብርሃን ላይ ያዙት። ቫልቩ ለዓመታት ያረፈበት ቦታ ላይ ክብ ጎድጓዳ ምልክት ታያላችሁ።