ማርሽ እወዳለሁ፤ ስለ ማርሽ የሚወራውን ሁሉ ግን አላምንም

እኔ የማንዋል፣ ማለትም ማርሹን በእጅ የሚቀይሩት መኪና ሰው ነኝ። አውቶማቲክ ስይዝ ግራ እግሬ ሥራ ፈትቶ ይቁነጠነጣል። ችግሩ፣ እኛ የማርሽ ወዳጆች መውደዳችን ብቻ ስለማይበቃን ምክንያት እንደረድራለን፤ ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ወይ ጊዜ አልፎባቸዋል፣ ወይ ከመጀመሪያውም እውነት አልነበሩም።

«ማንዋል ነዳጅ ይቆጥባል»

ድሮ አዎ። የቀድሞዎቹ አውቶማቲኮች ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የሚተላለፈው በዘይት ግፊት ስለነበር ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። የዛሬዎቹ ግን ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ አጣብቆ የሚይዝ ፍሪሲዮን በውስጣቸው አላቸው፤ ማርሹም 8፣ 9፣ 10 ደርሷል። አሁን ልዩነቱን የሚያመጣው የመኪናው ሞዴልና የነጂው ቀኝ እግር ነው።

«ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት ነዳጅ ያድናል»

ይህ ነዳጅ ያለ ኮምፒውተር በካርቡሬተር ይመጠን የነበረበት ዘመን ልማድ ነው። በኢንጄክሽን (ነዳጁን ኮምፒውተር እየመጠነ በሚረጭ) መኪና ማርሽ እንደገባ እግራችንን ከነዳጅ ፔዳሉ ስናነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ዙሩ በጣም እስኪወርድ ድረስ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው። ማርሹ ሲወጣ ግን ጎማና ሞተር ይለያያሉ፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። የወቅቱን ፍጆታ በቁጥር የሚያሳይ ዳሽቦርድ ያለው ሰው ማርሹን ሳያወጣ እግሩን ያንሳና ይመልከት፦ 0.0።

ለጥ ባለ መንገድ ላይ ማርሽ የወጣለት መኪና ራቅ ብሎ ይንሸራተታል የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ፍሬን በሚጠይቅ ቁልቁለት ላይ ግን የሞተሩ መያዝ ሲቀር ክብደቱ በሙሉ የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። እኔ ይህን ልማድ የተውኩት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አንድ ረጅም ቁልቁለት ልጨርስ ስል የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ጠልቆ ወረደ፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታም በመስኮት ገባ። ማርሹን መልሼ ያስገባሁት በላብ በራሰ እጅ ነው።

«ጎበዝ ሹፌር ከአውቶማቲክ ቀድሞ ይቀይራል»

አይቀድምም። እሽቅድምድም ላይ ይህ ክርክር ከተዘጋ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የብራዚል ግራንድ ፕሪ የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው ናይጄል ማንሴል ከመሪው ጀርባ ባሉ መቀየሪያዎች ማርሽ የሚቀይር ፌራሪ ይዞ ገባ፤ መኪናው በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ለመንገድ መኪኖችም መጣ። አንዱ ፍሪሲዮን ሦስተኛን ይዞ እየጎተተ ሳለ አራተኛው በሌላው በኩል ገብቶ ተራውን ይጠብቃል፤ መቀየር ማለት አንዱን ለቆ ሌላውን መያዝ ብቻ ነው። የኔ እግር ገና ፔዳሉን ሳይነካ ሥራው አልቋል። የአሜሪካው ስፖርት መኪና ኮርቬት እንኳ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ጀምሮ ማንዋልን ትቷል። ከንክኖኛል፣ ግን ምክንያታቸው ይገባኛል።

«ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ጉብዝና ነው»

ሸራ መጨረስ ጉብዝና ከተባለ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ግማሽ ተለቆ በተያዘ ቁጥር የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተፋተገ ያልቃል። የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው።

«ኤቢኤስ መኪናውን ቶሎ ያቆማል፤ ለማያውቅ ሰው ነው እንጂ እኔ በእግሬ እሻላለሁ»

እዚህ ሁለት ስህተት አለ። ቦሽና መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1978 ኤስ ክላስ በተባለው መኪና ላይ ያቀረቡት የዛሬው ዓይነት ኤቢኤስ ዋና ሥራው ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተትና መሪው መታዘዙን እንዳያቆም ማድረግ ነው። አስፋልት ላይ ብዙ ጊዜ ርቀቱንም ያሳጥራል፤ ልቅ ጠጠር ላይ ግን ሊያረዝመው ይችላል። ሁለተኛው ስህተት የኩራት ነው፦ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጎማ እየተከታተለ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይይዛል፣ ይለቃል፤ እኔ ያለኝ አንድ እግርና አንድ ፔዳል ነው። ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ ደንግጦ እግር ማንሳት፣ ወይም እንደ ድሮው ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ሥራውን ያበላሽበታል። አጥብቆ ረግጦ መሪውን መያዝ ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪናም ማንዋል ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር»

ማርሽ የተፈለገው የነዳጅ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ስለሚያጥረው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ይበቃቸዋል፤ ፖርሼ ታይካን ከኋላ ሁለት ማርሽ ስላለው ልዩ ተደርጎ ይነሳል። ሃዩንዳይ በአዮኒክ 5 ኤን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሠራ፦ የሌሉ 8 ማርሾችን በሶፍትዌር ፈጠረ፤ ማርሽ ሲቀየር መኪናው ነቅነቅ ይላል፣ ድምፅም ያሰማል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። አሁን ደግሞ አንዱን አግኝቼ ብነዳው እላለሁ። ቅር የሚለኝ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው መሆኑ ነው፤ ግራ እግሬ እዚያም ሥራ ይፈታል።