ኢንፑት ላግ ምንድን ነው? የዶንኪ ኮንግ ዝላይ በዘመናዊ ቲቪ ላይ ለምን ይዘገያል?

ኢንፑት ላግ ማለት የጆይስቲኩ ቁልፍ ከተጫነበት ቅጽበት አንስቶ ውጤቱ ስክሪን ላይ እስኪታይ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው። ኔት ሲደክም ከሚመጣው ላግ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ዋይፋዩ ጠፍቶም ያው ነው።

ይህን መዘግየት እንደ ዶንኪ ኮንግ አጉልቶ የሚያሳይ ጨዋታ ጥቂት ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1981 ሳንቲም እየተከተተበት ለሚሠራው የአርኬድ ማሽን የሠራው ይህ ጨዋታ ከ2018 ጀምሮ የድሮ የአርኬድ ጨዋታዎችን መልሶ በሚያወጣው አርኬድ አርካይቭስ በተባለ ተከታታይ ውስጥ፣ ስዊች በተባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል ላይ ይገኛል። ማሪዮ አንዴ ከዘለለ በኋላ አየር ላይ ሳለ አቅጣጫውን መቀየር አይችልም። ስለዚህ በርሜል ሲመጣ የተጫዋቹ ዕጣ የሚወሰነው ቁልፉን በተጫነባት አንዲት ቅጽበት ነው። ጨዋታው በሰከንድ 60 ገደማ ምስሎችን ያሳያል፤ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ቲቪው 100 ሚሊ ሰከንድ ከዘገየ 6 ምስሎች አለፉ ማለት ነው። ጣት በሰዓቱ ቢጫንም ማሪዮ ከመሬት ሲነሳ የሚታየው ዘግይቶ ነው። የድሮው ማሽን ባለ ትልቅ ቂጥ ስክሪን ግን ምስሉን ይዞ አያቆይም፤ ምልክቱ እንደደረሰው መስመር በመስመር ይስለው ነበር። ጨዋታው የተመጠነው ለዚያ ፍጥነት ነው። ከባድ ጨዋታ ነው፣ ግን ፍትሐዊ ነው፤ ላግ የሚሰርቀው ይህን ፍትሐዊነት ነው።

በአራት ኪሎም ሆነ በፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤት እንዲሁ በሚዘገይ ቲቪ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወት የሚውል ሰው ችግሩን ላያስተውለው ይችላል። የኳስ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ እግሩን እስኪያነሳ፣ እስኪመታ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ መዘግየቱ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ዶንኪ ኮንግ መደበቂያ የለውም።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል? ኮንሶሉና የድሮውን ማሽን አስመስሎ የሚያጫውተው ሶፍትዌር ጥቂት ምስሎች ያህል ይጨምራሉ፤ ገመድ አልባ ጆይስቲክ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ። ትልቁ ተጠያቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቲቪው ነው። ምስሉን ያጠራል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። በተለይ ማለስለሱን ልብ ይበሉ። ቲቪው በሁለት ምስሎች መካከል አዲስ ምስል ፈጥሮ ለማስገባት ሁለተኛውን ምስል መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ ሳይዘገይ ሊሠራው አይችልም። ይህ ሁሉ ሲደመር በተለመደው የምስል ሞድ ከ100 ሚሊ ሰከንድ የሚያልፍ ቲቪ አለ። ይህን ማሳመሪያ አብዛኛውን በሚያጠፋው ጌም ሞድ ግን ብዙዎቹ አዳዲስ ቲቪዎች ከ20 በታች ይወርዳሉ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ስዊቹን ከቲቪው ጋር ከሚያገናኘው ማስቀመጫ (ዶክ) ያውጡትና በራሱ ስክሪን ላይ በዚያው ጆይስቲክ ይጫወቱ። ዝላዩ እዚያ ከጣትዎ ጋር ከሄደ፣ ቲቪ ላይ ግን ከተጎተተ፣ ጆይስቲክ ለመቀየር መርካቶ መውረድ አያስፈልግም። በቁጥር ማወቅ ከፈለጉ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስሎው ሞሽን ያለው ስልክ ይበቃል። ጣትዎም ስክሪኑም አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገው ይቅረጹ፤ ከዚያ ቁልፉ ከተጫነ ጀምሮ የማሪዮ እግር መሬት እስኪለቅ ያሉትን ምስሎች ይቁጠሩ። አንዱ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሆነ 24 ምስል 100 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቁጥሩ ከዝላይ ዝላይ ስለሚለያይ ቢያንስ አምስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

መፍትሔው ሪሞቱ ላይ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ፒክቸር ውስጥ ገብተው ጌም የሚለውን ይምረጡ። አንዳንድ የሳምሰንግ ቲቪዎች ላይ ጌም ሞድ ያለው ፒክቸር ውስጥ ሳይሆን ጄኔራል በሚለው ሥር፣ ኤክስተርናል ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ነው። ጌም ሞድ ከሌለ ኮንሶሉ የተሰካበትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስም ፒሲ ብሎ መቀየር በአንዳንድ ቲቪዎች ይሠራል፤ እሱም ካልሆነ ማለስለሻውንና ማጥሪያውን አንድ በአንድ ያጥፉ።

ሁለት ነገሮች ሰው ያሳስታሉ። ብዙ ቲቪዎች ሞዱን ለየኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ለየብቻ ነው የሚያስታውሱት፤ ገመዱ ወደ ሌላ ቀዳዳ ከተዛወረ ጌም ሞድ እዚያ አልበራም። ሁለተኛው፣ ሱቅ ውስጥ ለዕይታ ተሰቅሎ የቆየ ቲቪ ስቶር ወይም ዴሞ በሚባል ሞድ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ሞድ የተስተካከለውን ምስል በየጊዜው ወደ ደማቁ ስለሚመልሰው መጀመሪያ ሆም ወደሚለው ይቀይሩት። በብሉቱዝ ስፒከር የሚጫወቱ ከሆነም ድምፁ ከምስሉ ኋላ ይቀራል፤ ዝላይዎን በድምፅ የሚመጥኑ ከሆነ የቲቪውን ድምፅ ይጠቀሙ።

ጌም ሞድ በርቶም የኮንሶሉና የሶፍትዌሩ ድርሻ ይቀራል። ለእሱ የመጀመሪያው ደረጃ፣ በርሜሎቹ የሚንከባለሉበት 25 ሜትር፣ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ከለመዱት ትንሽ ቀደም ብለው ይዝለሉ። አርኬድ አርካይቭስ ውስጥ ካራቫን የሚባል የ5 ደቂቃ ሞድ ስላለ፣ ማስተካከያው ምን ያህል እንደጠቀመ በፊትና በኋላ ያገኙትን ነጥብ አስተያይተው ማየት ይችላሉ።