ወገብና ደረት የሚይዙ የሴቶች ልብሶች፦ ከመቀነት እስከ ኮርሴት

በጎጃም ገጠር ወገብ የሚያዘው በመቀነት ነው። መቀነት ሸማኔ ከጥጥ ፈትል የሚሠራው ረጅም ጨርቅ ሲሆን፣ ከቀሚስ በላይ ወገብን ደጋግሞ ይዞርና ጫፉ ይሸጎጣል። ውኃ ለምትቀዳና እንጨት ለምትሸከም ሴት ወገቧን ይደግፍላታል፤ ገንዘብም ይቋጠርበታል። ደረቅ ነገር ስለሌለበት ሲጎረብጣት ታላላዋለች፣ በቃ። ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ ካሉ ቡቲኮች የሚገዙት የውስጥ ልብሶች ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም፤ ልዩነታቸውም የሚይዙት በዘንግ፣ በሽቦ ወይስ በላስቲክ ነው ከሚለው ይነሣል።

ኮርሴት ወገብን ያጠባል። ጨርቁ አይለጠጥም፤ በውስጡ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በቁም ተሰፍተውበታል፤ ፊቱ በብረት መቆለፊያ ይዘጋል፣ ጀርባው በገመድ ይሳባል። የገመዱ ቀዳዳዎች በብረት ቀለበት መያዝ የጀመሩት በፈረንሳይ በ1820ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት በክር የተጠለፈው ቀዳዳ ሲሳብ ይቀደድ ነበር። ለጀማሪ ከወገቧ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሰ ተመርጦ፣ ከኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ሲቀር ይበቃል። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ላዩ ከሰፋ ደረቱ ጠቧታል፣ ታቹ ከሰፋ ዳሌው ጠቧታል ማለት ነው፤ ገመድ መጎተት ይህን አያስተካክልም። ሲወልቅ መጀመሪያ ገመዱ ይላላ፦ ተወጥሮ ሳለ ፊቱን ለመክፈት መታገል መቆለፊያውን ያጣምማል። ከሥሩ ስስ ካናቴራ ቢለበስ ቆዳም አይላጥም፣ ላቡም ጨርቁን አያበላሽም። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም እግር ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ።

ባስቲየር ሲያዩት ኮርሴት ይመስላል፤ ሥራው ግን ጡትን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ዘንጎቹ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው፣ ከኋላ በመንጠቆ ይዘጋል። ትከሻ የሌለው ቬሎ ለምትለብስ ሙሽራ የሚሻለው ይኸው ነው፤ በሠርጓ ቀን ቁጭ ብላ መብላት አለባትና። ወገብ ያጠብልኛል ብላ የጠበበ ከገዛች ግን ፕላስቲኩ በሰውነት ሙቀት ለስልሶ ወገቧ ላይ ይታጠፋል፣ ጫፉም ይወጋታል።

ቦዲና ሆድ መያዣ ዘንግ የላቸውም። የሚይዙት እ.ኤ.አ. በ1958 በዱፖንት ኩባንያ በተፈለሰፈው፣ እንደ ላስቲክ በሚለጠጠው ክር፣ በላይክራ ነው። ሆድን ያስተኛሉ እንጂ የወገብን ልክ ብዙም አይቀንሱም። አንድ ቁጥር አሳንሶ መግዛት ትርፉ ላዩ እየተጠቀለለ መውረዱና ሥጋን ከጠርዙ በላይ ማውጣቱ ነው። ለነጭ የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ከቆዳዋ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ትምረጥ፤ ነጩ በስሱ ጨርቅ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ጡት ማስያዣ፣ ባለሽቦም ሆነ ባለስፖንጅ፣ ክብደቱን በዋናነት የሚሸከመው በማንገቻው ሳይሆን በዙሪያው፣ ማለትም ከጡት ሥር ሰውነትን በሚዞረው ክፍል ነው። ማንገቻው ትከሻ ከቆረጠ ብዙ ጊዜ ዙሪያው ሰፍቷል። በሜትር ከጡት ሥር ተለክቶ 75 ከመጣ ቁጥሩ 75 ነው፤ በጡት ጫፍ ላይ ያለው ልክ ከዚያ ከ14 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ የጡት ማቀፊያው ልክ ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ከበለጠ ሲ ይሆናል። አዲሱ በመጨረሻው፣ ማለትም በላላው መንጠቆ ልክ መሆን አለበት፤ ላስቲኩ እየሰፋ ሲሄድ ወደ ውስጠኞቹ ይታለፋል።

ላስቲክ ያለው ሁሉ ለብ ባለ ውኃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ። በረኪና ላይክራን ይበላል፤ የነጣ መስሎ በጥቂት እጥበት ይረግባል። ባለብረቱ ኮርሴት ደግሞ አይዘፈዘፍም፣ ዘንጉ ይዝጋልና፤ የቆሸሸው ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይናፈሳል።