አንድ እግር አሜሪካ፣ አንድ እግር አውሮፓ? ስለ ቲንግቬሊር የሚነገረውና እውነታው

በአይስላንድ የሚገኘው ቲንግቬሊር ብሔራዊ ፓርክ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ ቴክቶኒክ ሰሌዳዎች (የምድርን ቅርፊት የሠሩ ግዙፍ የዐለት ንጣፎች) የሚራራቁበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በአብዛኛው በውቅያኖስ ሥር ተደብቆ የሚኖር ሲሆን እዚህ በእግር ይኬድበታል። ጎብኚው ግን ፎቶግራፍ ያሳሳተውን ግምት ይዞ ይመጣል።

«ድንበሩ አንድ መስመር ነው፤ እጅ ዘርግቶ ሁለት አህጉር መንካት ይቻላል።»

ድንበሩ ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ ስምጥ ሸለቆ ነው። በምዕራብ አልማናግያው፣ በምሥራቅ ህራፍናግያው የሚባሉት ገደሎች ያዋስኑታል። ጠላቂዎች ግራና ቀኝ ግድግዳ ነክተው ፎቶ የሚነሡበት የሲልፍራ ስንጥቅም ሁለቱም ጎኑ በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ግን ልክ አይደለም።

እውነተኛውን ነገር ማየት የፈለገ አልማናግያው ውስጥ ይቁምና ሁለቱን ግድግዳዎች ያስተያይ። ምዕራቡ ጥቁርና ረጅም ነው፣ ምሥራቁ አጭር። ቀድሞ አንድ የላቫ (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ዐለት) ንጣፍ ነበሩ፤ አጭሩ የሰመጠው ወገን ነው።

«በየዓመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል።»

2 ሴንቲ ሜትሩ የመላው አይስላንድ ድምር ነው፤ ከፊሉን በስተምሥራቅ ያለው ሌላ የእሳተ ገሞራ ቀጠና ይወስደዋል። እዚህ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ላቫ በ70 ሜትር ገደማ ሰፍቶ በ40 ሜትር ገደማ ሰምጧል። ሲካፈል በዓመት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። እሱም ቢሆን በየዓመቱ እኩል አይመጣም፤ ሲጠራቀም ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በ1789 (እ.ኤ.አ.) ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ የሸለቆው ወለል በቀናት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ወርዷል።

«ከስንጥቁ ሥር የቀለጠ ዐለት ይታያል።»

የሚታየው ውሃ ነው፤ ያውም ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ የሆነ። ከበረዶ ግግር ቀልጦ በላቫው ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ሲጣራ ስለሚቆይ እንደ መስታወት የጠራ ነው።

«መግቢያው ውድ ነው።»

ፓርኩን ለማየት የመግቢያ ክፍያ የለም፤ መኪና ለማቆም ግን ይከፈላል።

«ስንጥቆቹ ሁሉ ታውቀው አልቀዋል።»

በ2011 (እ.ኤ.አ.) በአልማናግያው መተላለፊያ ላይ ጉድጓድ ተከፈተ። ሲፈተሽ፣ ሰው ለዓመታት ሲመላለስበት ከኖረው አፈር ሥር ጥልቅ ስንጥቅ ተገኘ። ዛሬ በላዩ ድልድይ ተሠርቷል፤ አብዛኛው ጎብኚ ቁልቁል ሳያይ ያልፈዋል።