መንጋው በአየር ላይ ሲታጠፍ፦ ስለ ወፎች፣ ፊዚክስና ሒሳብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ግሪሳ ከማሽላ ማሳ ሲነሣ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሁሉ ወፍ ሳይጋጭ እንዴት ባንዴ ይታጠፋል? ጥያቄው የወፍ አጥኚዎች ብቻ ይመስላል። ካለፈው ሠላሳ ዓመት ወዲህ ግን ብዙውን መልስ ያመጡት ስታቲስቲካል ፊዚክስ (የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ባሕርይ የሚያጠና የፊዚክስ ዘርፍ) እና ሒሳብ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከመልሱ ጋር አብሮ የተሠራጨው ስሕተትም ቀላል አይደለም፤ ጥቂት የማይባለውም ከራሳቸው ከተመራማሪዎቹ የወጣ ነው።

«መንጋው መሪ አለው፤ ሌላው ይከተለዋል»

እንግሊዛዊው የወፍ ተመልካች ኤድመንድ ሴለስ መሪውን ፈልጎ ቢያጣ በ1931 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወፎች ሐሳብ ለሐሳብ ይለዋወጡ ይሆናል እስከማለት ደረሰ። ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ይልቅ ተራ፣ ግን ይበልጥ የሚገርም ነው። በሮም ሰማይ ላይ የተቀረጹት የስታርሊንግ (በግዙፍ መንጋ የምትበር ጠቆር ያለች ወፍ) መንጋዎች ሲታጠፉ ለውጡን የሚጀምሩት ዳር ላይ ያሉ ጥቂት ወፎች ናቸው። ከእነሱ ተነሥቶ «ታጠፍ» የሚለው መልእክት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በሰከንድ ከ20 እስከ 40 ሜትር ይጓዛል። 400 ወፍ ያለው መንጋ በግማሽ ሰከንድ አካባቢ ታጥፎ ያበቃል።

የፊዚክስ ሰዎችን የሳበው ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ወፍ የጎረቤቶቹን አማካይ አቅጣጫ ብቻ የሚቀዳ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ እንደ ዕጣን ሽታ ይሠራጭ ነበር፤ እጥፍ ርቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፣ በመንገድም እየደከመ ይሄዳል። በልኬት የተገኘው ግን እጥፍ ርቀት በእጥፍ ጊዜ ነው፤ ማለትም እንደ ድምፅ ሞገድ፣ እምብዛም ሳይደክም። ስለዚህ በስሌቱ ውስጥ አማካይ መቅዳት ብቻውን አይበቃም፤ ወፉ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ መታጠፉን የመቀጠል ዝንባሌ ሊጨመርለት ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «መሪ የለም» የሚለው ለሁሉም ወፍ የሚሠራ ሕግ አይደለም። እስከ 10 የሚደርሱ እርግቦች ጂፒኤስ ታስሮላቸው በ2010 በታተመው ጥናት፣ አንዳንዶቹ በቋሚነት እንደሚቀድሙ፣ ሌሎቹም በሰከንድ ክፍልፋይ ዘግይተው እንደሚከተሉ ታይቷል።

«ኮምፒውተር ላይ መንጋ የሚመስል ነገር ከሠራን የወፎቹን ሕግ አገኘን ማለት ነው»

ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይህኛው ነው። ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 ሦስት ሕጎችን አቀረበ፦ ከጎረቤትህ አትጋጭ፣ ወደሚሄድበት ሂድ፣ ከመንጋው አትራቅ። ዓላማው ለኮምፒውተር አኒሜሽን ነበር፤ ለዚያም በሚገባ ሠራ። በ1995 ታማሽ ቪቼክና ባልደረቦቹ «የጎረቤቶችህን አማካይ አቅጣጫ ያዝ» በሚለው አንድ ሕግ ብቻ በኅብረት የሚጓዝ መንጋ አሳዩ። ሁለቱም መንጋ ይመስላሉ፤ ሕጎቻቸው ግን ይለያያሉ። ብዙ ሕጎች አንድ ዓይነት ሥዕል የሚሰጡ ከሆነ ሥዕሉን አይቶ ሕጉን ማወቅ አይቻልም። መለካት ያስፈልጋል።

መለካቱ ደግሞ በሁለት ካሜራ ፎቶ ማንሣት ብቻ አይደለም። የወፉ ርቀት የሚሰላው በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ባለው የቦታ ልዩነት ነው። ስሕተቱ በርቀቱ ካሬ ያድጋል፤ ካሜራዎቹ በተራራቁ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው፦ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 0.008 ሚሊ ሜትር ፒክስል፣ 100 ሜትር የራቀ ወፍ። ካሜራዎቹ 1 ሜትር ከተራራቁ የአንድ ፒክስል ስሕተት ርቀቱን በ2.3 ሜትር ያዛባዋል። 25 ሜትር ከተራራቁ ስሕተቱ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስታርሊንጎች ከቅርብ ጎረቤታቸው የሚርቁት ከ0.7 እስከ 1.5 ሜትር ስለሆነ በመጀመሪያው አሠራር ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ እንኳ አይለይም። ስታርሊንጎቹን በሮም የቀረጸው የተመራማሪዎች ቡድን ካሜራዎቹን በዚሁ 25 ሜትር አካባቢ አራርቆ በጣሪያ ላይ የተከለው ለዚህ ነው። አራርቆ መትከል ግን የራሱን መዘዝ ያመጣል፤ በግራ ፎቶ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ በቀኝ ፎቶ ላይ የትኛዋ እንደሆነች መለየት እጅግ ይከብዳል። ከባዱ ሥራ ይህ ማዛመድ ነው።

ሌላው ወጥመድ ዳሩ ነው። ዳር ያለ ወፍ ጎረቤት ያለው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ አማካዩን ያዛባል። «ዳሩ ስንት ቢሆን ነው?» ለሚል፦ 1,000 ወፎች በ10×10×10 ቢደረደሩ ውስጥ የሚቀሩት 8×8×8፣ ማለትም 512 ናቸው። 488ቱ ዳር ናቸው፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የእውነቱ መንጋ ደግሞ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ ስለሆነ የዳሩ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። ይህን ያላረመ ስሌት ውጤቱ የወፎቹ ሳይሆን የመንጋው ቅርጽ ነው።

«ወፍ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያለውን ጎረቤት ሁሉ ይከተላል»

አብዛኛው ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ ማስመሰያ) ይህን ይዞ ይነሣል፤ «በ1 ሜትር ውስጥ ያለ ሁሉ ጎረቤቴ ነው» እንደማለት። በ2008 የታተመው የሮም ልኬት ሌላ ነገር አሳየ፦ ስታርሊንግ የሚከተለው ከስድስት እስከ ሰባት የሚሆኑ የቅርብ ጎረቤቶችን ነው፤ በሜትር ሲለኩ ቅርብም ይሁኑ ራቅ ያሉ።

እንዴት ታወቀ? የቅርብ ጎረቤት በብዛት የሚገኘው ከፊትና ከኋላ ሳይሆን ከጎን ነው። ይህ አድልዎ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ጎረቤት እየደከመ ሄዶ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው አካባቢ ይጠፋል። ሳሳ ያሉና ጥቅጥቅ ያሉ መንጋዎች ሲነጻጸሩ አድልዎው የሚጠፋበት ርቀት በሜትር ይለያያል፤ የጎረቤቱ ተራ ቁጥር ግን አይለወጥም። ጥቅሙ ጭልፊት ሲመጣ ይታያል። መንጋው ሲለጠጥ በሜትር የሚቆጥር ወፍ ጎረቤቶቹን አጥቶ ይበተናል፤ በቁጥር የሚቆጥር ግን እንደተያያዘ ይቆያል። ሰባት ለስታርሊንግ የተለካ ቁጥር ነው፤ ለግሪሳ ወይም ለእርግብ በግምት መስጠት አይቻልም።

«የመንጋው መሐል ጥቅጥቅ ያለ፣ ዳሩ የሳሳ ነው»

በስታርሊንግ ተቃራኒው ነው የተለካው፤ ጥቅጥቅ የሚለው ዳሩ ነው።

«ወፎች የፊዚክስን ሕግ ይጥሳሉ»

ወሬው መነሻ አለው። መርሚንና ዋግነር በ1966 ያረጋገጡት የሒሳብ ውጤት፣ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ያሉና ከቅርብ ጎረቤት ጋር ብቻ የሚነጋገሩ ቀስቶች (እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች ያሉ)፣ ሙቀት እስካለ ድረስ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሊጠቁሙ አይችሉም ይላል። የቪቼክ ወፎች በጠፍጣፋ ወለል ላይ ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ በረሩ። ቶነርና ቱ በዚያው በ1995 ምክንያቱን አስረዱ፦ የሕጉ ቀስቶች ባሉበት የተተከሉና በሙቀት ሚዛን ላይ ያሉ ናቸው፤ ወፍ ግን ጉልበት እያወጣ ይጓዛል፣ ሲጓዝም ጎረቤቶቹ ይቀያየራሉ፣ ዜናውም አብሮት ይሄዳል። ሕጉ አልተጣሰም፤ ቀድሞም ስለ እነሱ አልተናገረም። ሰማይ ላይ ያለ መንጋ ደግሞ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ስላልሆነ ክርክሩ እውነተኛ ወፍን መቼም ነክቶ አያውቅም!

የቪቼክን ሞዴል ራሱ በኮምፒውተር መሞከር ለሚፈልግ፦ ጫፉ ከጫፉ የሚገናኝ (በአንዱ ጫፍ የወጣ ወፍ በተቃራኒው የሚገባበት) ካሬ ሜዳ ውስጥ ወፎችን በዘፈቀደ በትን። በየእርምጃው ሁሉም እኩል 0.03 ይራመዱ። እያንዳንዱ ራሱን ጨምሮ በ1 ርቀት ውስጥ ያሉትን አማካይ አቅጣጫ ይያዝ፤ ላዩ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ማዕዘን ይጨመርበት። ሁሉም ባንዴ ይታደሱ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ማዕዘኖችን እንደ ተራ ቁጥር ይደምራል። የ359 እና የ1 ዲግሪ አማካይ በተራ ስሌት 180 ይሆናል፤ ሁለት ወደ ሰሜን የሚበሩ ወፎች ወደ ደቡብ ይላካሉ። ሳይኑንና ኮሳይኑን ለየብቻ ደምረህ ከድምሩ ማዕዘን አውጣ። ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው፤ 10,000 ወፎችን እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ማወዳደር በአንድ እርምጃ 100 ሚሊዮን ስሌት ነው። ሜዳውን በ1×1 ክፍሎች ከፍለህ የራሱን ክፍልና በዙሪያው ያሉትን ስምንቱን ብቻ ፈትሽ። ሦስተኛው ባለሙያዎችንም ያሳሳተ ነው፦ ትንሽ ሜዳ። በትንሽ ሜዳ ዘፈቀደው ሲቀንስ መንጋው ቀስ እያለ የሚስተካከል ይመስላል። ግሬጓርና ሻቴ በ2004 ሜዳውን ሲያሰፉት ለውጡ ድንገተኛ፣ ወፎቹም በጥቅጥቅ ሰልፎች የሚጓዙ ሆነው ተገኙ።

«ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከበረሩ ትስስራቸው ጠንካራ ነው»

ነፋስ የሚነዳው አቧራም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ትስስር የሚታወቀው የመንጋውን አማካይ ፍጥነት ከእያንዳንዱ ወፍ ላይ ቀንሰን የተረፈውን ትንሽ ልዩነት ስናወዳድር ነው። በ2010 ይህ በ24 የስታርሊንግ መንጋዎች ላይ ተሠራ፤ ትንሹ 122፣ ትልቁ 4,268 ወፍ ነበረው። ልዩነቶቹ የሚመሳሰሉበት ርቀት የመንጋውን ርዝመት 35 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ መንጋው ሲያድግ አብሮ ያድጋል።

ውጤቱን ለመድገም የሚሞክር ሰው ግን ይጠንቀቅ። አማካዩን ስትቀንስ የልዩነቶቹ ድምር የግድ ዜሮ ይሆናል፤ ስለዚህ የትስስሩ መስመር የሆነ ቦታ ላይ ዜሮን መቁረጡ አይቀርም። ከአንድ መንጋ ያንን ነጥብ አንብቦ «የትስስር ርዝመት አገኘሁ» ማለት ስሕተት ነው። ማስረጃው ነጥቡ በተለያየ መጠን ባላቸው መንጋዎች ላይ ከርዝመቱ ጋር እኩል ማደጉ ነው።

«በመንጋ መብረር ጉልበት ይቆጥባል»

ለሰልፍ በራሪዎች አዎ፣ ግን ከሚወራው ያነሰ። በ1970 የወጣ ስሌት 25 ወፎች ተሰልፈው ሲበሩ ብቻውን ከሚበር ወፍ 70 በመቶ ገደማ ርቀው መሄድ እንደሚችሉ ገመተ። በ2001 በፔሊካኖች ላይ የተለካው የልብ ምት ግን የቀነሰው ከ11 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ነበር፤ የዚያም አንዱ ምክንያት ክንፍ ሳያራግቡ መንሳፈፍ መቻላቸው ነው። ቦታ መያዝ ብቻውንም አይበቃም፦ በ2014 በ14 መላጣ አይቢሶች (ረጅም ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ወፎች) ላይ የታየው፣ ኋለኛው ወፍ የክንፉን ምት ከፊተኛው ክንፍ የአየር ዱካ ጋር እንደሚያስማማ ነው። በነገራችን ላይ በ2006 ከሶርያዋ ፓልሚራ በሳተላይት የተከታተሏቸው የዚሁ ዝርያ ወፎች የሰሜኑን የብርድ ወራት ያሳለፉት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው።

ተጠጋግተው በእጅብ የሚበሩ እርግቦች ደግሞ ክንፋቸውን ቶሎ ቶሎ ያራግባሉ፤ መንጋው ለእነሱ ወጪ ነው። የሚከፍሉት ለሌላ ጥቅም፣ በዋነኛነት ከአዳኝ ለመዳን ይመስለናል።

«የመንጋን ብዛት በዓይን መገመት ይቻላል»

ሰው ትልቅ መንጋ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል፤ ፊት ያሉት ኋላ ያሉትን ስለሚሸፍኑ ፎቶም ብቻውን አያድንም። ፎቶውን በእኩል ካሬዎች ክፈል፣ የምትቆጥራቸውን ካሬዎች በዕጣ ምረጥ፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ጥቅጥቁ ይሄዳልና። ከዚያ ውፍረቱን ለማወቅ ሌላ ሰው በጎን በኩል ቆሞ በዚያው ቅጽበት ፎቶ ያንሣ። 100 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋት፣ በሜትር ኪዩብ 5 ወፍ ያለው መንጋ ውፍረቱ 3 ሜትር ከሆነ 30,000፣ 6 ሜትር ከሆነ 60,000 ነው። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ስለሚበላ፣ በዚያች ያልተለካች 3 ሜትር ምክንያት ግምቱ 300 ኪሎ ወይም 600 ኪሎ ይሆናል።