የሰሜን ሸዋ ጠጅ ቤቶችና የማር ደንበኞቻቸው

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ካሉት ጠጅ ቤቶች ብዙዎቹ የቤተሰብ ናቸው። እናት ትጥላለች፣ ልጅ ትቀዳለች፣ ጋኑ ከጓዳ ይቀመጣል። ማሩና ጌሾው ግን የሚመጣው ከሌላ ቤተሰብ ነው። ማሩን ንብ አናቢው፣ ጌሾውን ባለ ጓሮው ገበሬ ያመጣል። ይህ ደንበኝነት ብዙ ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለ ጠጅ ሲወራ ጋኑና ብርሌው ይነሣሉ፤ የማሩ ደንበኛ ግን እምብዛም አይነሣም። በእኔ እምነት የጠጁን ጣዕም ከማንም በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

እዚህ ሰሜን ሸዋ የምለው በአማራ ክልል ያለውን ዞን ነው። ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ብርዳም አገር ነው፤ ገብስ፣ በግና ባሕር ዛፍ ሞልቶታል። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ሲደረስ መሬቱ በአንዴ ይወርዳል። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይገኛሉ። ለንብ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል። በወፍ ዋሻ ደን ኮሶና አስታ ያብባሉ። ቆላው ግራር አለው፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ የባሕር ዛፍ አበባ አለ። ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁለተኛ ቆረጣ ሊኖር ይችላል። የኅዳሩ ማር ለጠጅ ቤት በጥሩ ሰዓት ይደርሳል፤ ገና፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ከፊት ናቸው።

የማርና የጠጅ ነገር በዚህ አገር የቆየ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ሆነው ሸዋን ሲገዙ ማር ለቤተ መንግሥት ከሚገባው ግብር አንዱ ነበር። ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ገበሬው የሚጠጣው ጠላ ነው። ጠጅ ለማንም ከፋይ የሚቀዳበት ቤት በከተሞች የተስፋፋው በኋላ ነው።

አጣጣሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ከዚያ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበጠበጣል። ውኃው ከበዛ ጠጁ ይቀጥናል። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ይቆይና ወደ ላይ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል። ቀጥሎ ተፈልጦ የደረቀ የጌሾ እንጨት በጥቂቱ ብርዝ ተቀቅሎ ይጨመራል። ቅጠሉ ለጠላ ነው፤ ጠጅ የሚፈልገው እንጨቱን ነው። ምሬቱ የሚመጣው ከጌሾው ነው። ከውጭ የሚገባ እርሾ የለም፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ጋር የመጣው ረቂቅ ሕይወት ሥራውን ይሠራል። ቆላ ላይ በሳምንት የሚደርስ ጠጅ በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በደንብ የደረሰ ጠጅ የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ይጠለልና ይቀዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጠጅ ጣይዋ በእጇ ማረም የማትችለው ማሩን ነው። ስኳር የገባበት ማር በዓይን አይለይም። በጣት የሚያሹ አሉ፣ ውኃ ላይ የሚያንጠባጥቡ አሉ፣ ክብሪት ነክረው የሚለኩሱም አሉ። አንዱም እርግጠኛ አያደርግም። ቀፎው የት እንደተሰቀለ ማወቅና ቆራጩን ማወቅ ይሻላል። ደንበኝነቱ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ጠጅ ቤቷ ማሩን ከነሰፈፉ ትቀበላለች። አናቢውም ማሩን ሌላ ቦታ ከማሳየቱ በፊት ወደ እሷ ይዞ ይመጣል።

ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከማሩ ይቀድማል። ሐምሌና ነሐሴ ለገበሬው ክፉ ወራት ናቸው፤ ጎተራው ይጎድላል፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርምም ይመጣል። ያኔ ወደ ጠጅ ቤቷ ሄዶ «እትዬ፣ ለኅዳር የሚታሰብ ትንሽ ገንዘብ» ቢል ነውር የለበትም። ቀብዱን ይወስዳል፣ በኅዳር በማር ይመልሳል። ወረቀት የለም። ይህ አሠራር ክፉ ጎንም አለው። ዋጋው በነሐሴ ከተቆረጠ የተቸገረው ገበሬ ይጎዳል። ዋጋውን ማሩ በገባበት ሳምንት ገበያ የምትቆርጥ ጠጅ ጣይ ናት ደንበኛዋን ለዓመታት የምታቆየው። «ዘንድሮ ንቡ አልሰጠም» ሲባል ደግሞ ዕዳው ወደ ከርሞ ይዞራል። በዚያ ዓመት ጥሩ ጠጅ ቤት ጥቂት ይጥላል እንጂ ስኳር አይበጠብጥም።

ነገሩ ከንግድም ያልፋል። አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣና አበልጅ ይሆናሉ። አናቢው ልጁን ሲድር ጠጁ ከዚያው ቤት ይወጣል፣ ጋኑም በውሰት ይሄዳል። ለቅሶ ላይም ይገናኛሉ። አበልጁን በመጥፎ ማር ማታለል የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው።

የጌሾው ነገር ረጋ ያለ ነው። ጌሾ በጓሮና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይበቅላል፣ አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆረጣል፣ ደርቆም ይቀመጣል።

ከጋኑ የተገፈፈው ሰፈፍም አይጣልም። ይቀቀላል፣ ይጣራል፣ ሰም ይወጣዋል። ከሰሙ የተወሰነው ጧፍ ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ሌላው በነጋዴ ይሰበሰባል። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለምትልከው ሰም ከዋና ምንጮቹ አንዱ የጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው።

ዛሬ ይህን ትስስር የሚፈታተኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። የማር ዋጋ ሲንር በስኳርና በቀለም የተጣለ ርካሽ ጠጅ ገበያውን ይሻማል። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት ንቡን ይጎዳል። አናቢው ቀፎውን ቢጠብቅም ጎረቤቱ በአበባ ሰዓት ከረጨ ድካሙ ከንቱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዞኑ የተፈራረቁት ግጭቶች መንገድ በዘጉ ቁጥር ማር ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት ተቸግሯል። ከኪሳራው በላይ የሚያሳዝነው የሰው ጉዳት ነው።

ዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎም የራሱን ጥያቄ አምጥቷል። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ሲሰጥ ባለ ፍሬሙ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ማሩ በማጣሪያ ተጣርቶ ስለሚወጣ ሰፈፍ የለውም፤ በጠርሙስ ታሽጎ በከተማ ሱቅ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ጠጅ ቤት ይህን ዋጋ ከፍሎ በአንድ ብርሌ ሒሳብ ማትረፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ብዙ አናቢዎች ሁለቱንም ይዘዋል፤ የፍሬሙ ማር ለከተማ ሱቅ ሲሄድ፣ በእበት ከተለቀለቀው ቀፎ የተቆረጠው ከነሰፈፉ ለቆየችው ደንበኛ ይቀርባል።